ላሟን የዘለሉት አያ ይርዳው

አያ ይርዳው መሞታቸውን የሰማሁት አልፋልፋ የሚባለውን የከብት ሣር እያጨድኩ ነው። ስልኬ ጠራ፤ አራዳ የሱቃቸው ጎረቤት የሆነ ልብስ ሰፊ ነበር። "አያ ዐረፉ" አለኝ። "እሺ" ብዬ ዘጋሁት። አዎ፣ "እሺ" ነው ያልኩት። ከዚያ የጀመርኩትን አጭጄ ጨረስኩ፤ ወቀጥኩ፣ ጨመቅኩ፣ ጣድኩ፣ አይቡ ሲንሳፈፍ አጠለልኩ። ልቅሶዬ የመጣው ድስቱን አጥቤ ከደፋሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን ጉድ ሆንኩ፤ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ።

ይህን የሰማ ሰው ልበ ደንዳና ይለኝ ይሆናል። አያን የሚያውቅ ግን አይለኝም። "ከተቆረጠ ቅጠል ጋር ወሬ የለም" ነበር የሚሉት። ቅጠሉ ጠዋት ከታጨደ እኩለ ቀን ሳይሞላ ድስት መግባት አለበት፤ አለዚያ ይሻግታል። ሠርግም ይሁን ልቅሶ ሥራው እስኪያልቅ ይጠብቃል። በእሳቸው ሞት ምክንያት አንድ እቅፍ ቅጠል ባበላሽ ኖሮ በሕልሜ መጥተው ይቆጡኝ ነበር።

ለማያውቃቸው ልንገር። አያ ይርዳው የጃናሞራ ሰው ናቸው። ከመካነ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ለቅኔ ትምህርት ጎንደር ገብተው፣ በዚያው የቀሩ። ቅኔው አልሆነላቸውም። "ጓደኞቼ ምሥጢሩን ሲያዩ እኔ የማየው ቀለሙን ነበር" ይሉኛል፤ ሲሉኝም አያፍሩም። ስለዚህ ብራና መፋቅና ቀለም መበጥበጥ ተማሩ። አራዳ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው፤ ለቁም ጸሐፊ ጥቁርና ቀይ ቀለም፣ ለሠዓሊ የጠየቀውን ሁሉ ያዘጋጃሉ። ጣቶቻቸው እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ጥቁር ናቸው፤ ሳሙና ምንም አያደርጋቸውም።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። እኔ የመኖ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ ለከብት የሚሆን ሣር ማልማትና ዘሩን ለገበሬ ማደል ነው። ከከተማው ዳር የመሥሪያ ቤታችን ማሳ አለ። እዚያ ያለችውን አልፋልፋ እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቃት። አንድ ጠዋት ስደርስ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በርከክ ብለው በሰንጢ ይመለምሏታል።

"አባት፣ ምን እያደረጉ ነው?" አልኳቸው።

"እየሰረቅሁ ነው" አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ለዚህ ምን ይባላል? እኔ ደግሞ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው። "ለላምዎ ከሆነ ቢሮ መጥተው ዘሩን መውሰድ ነው እንጂ…" ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

"ላም የለኝም። አረንጓዴ ቀለም ነው የምሻው። አንድ ሠዓሊ የለጋ ቅጠል መልክ አምጣ ብሎ ወጥሮ ይዞኛል።"

ቦርሳቸውን ሞልተው ሄዱ። ለምን እንዳልከለከልኳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግሥቱ ድስት ታቅፈው መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል። "ሣርሽ አታላይ ነው" አሉኝ። "ጭማቂው ቢወፍርልኝ ብዬ እሳት ላይ ብጥደው አይብ ሆነብኝ። ከመቼ ወዲህ ነው ቀለም አይብ የሚሆነው?" ክዳኑን ከፈቱት። ጥቁር አረንጓዴ እርጎ የመሰለ ነገር ቡናማ ውሃ ላይ ተንሳፎ አየሁ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህራችን እግረ መንገዱን የነገረን ነገር ነበር። ሥጋና ወተት ውስጥ ያለው ገንቢ ነገር፣ ያ ፕሮቲን የምንለው፣ ለጋ ቅጠል ውስጥም አለ፤ የሰው ሆድ ሣር መፍጨት ስለማይችል አያገኘውም እንጂ። ቅጠሉ ተወቅጦ፣ ተጨምቆ፣ ጭማቂው ከፈላ ግን ፕሮቲኑ ረግቶ ለብቻው ይወጣል። ፈተና ላይ ስላልመጣ ሁላችንም ረሳነው። እኚህ ቀለም በጥባጭ ደግሞ ሳይፈልጉት ድስት ሙሉ ተሸክመውት ቆመዋል። ቆንጠር አድርጌ ቀመስኩ። ሣር ሣር ይላል፣ ጉሮሮ ላይ መረር ይላል፤ እኔ ግን ደገምኩት።

"ምነው፣ አበድሽ እንዴ?" አሉኝ።

ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ላም ይህን ቅጠል ትበላለች፤ ሆዷ ውስጥ ስንት ጣጣ አልፎ ወተት ይሆናል፤ ወተቱ ተንጦ፣ አሬራው ተጥዶ አይብ ይሆናል። እርስዎ ግን ከቅጠሉ በቀጥታ አይቡ ላይ ደረሱ አልኳቸው። ድስቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ መልሰው ድስቱን አዩት።

"ላሟን ዘለልናት በይኛ" አሉ ቀስ ብለው።

ሠዓሊው ቀለሙን አላገኘም። እኔና አያ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተለያየንም። ቢሮ የሚያውቁኝ ሰዎች "ሽማግሌ ይዛ ሣር ትቀቅላለች" እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ሥራዬን ወድጄው አላውቅም፤ ሌሊቱ አልነጋ እያለኝ ነበር የምተኛው።

አያ ድስት ሲጣድ ጆሯቸውን ወደ እሳቱ ያዘነብላሉ። ሊፈላ ሲል ድምፁ ይለወጣል፤ ያኔ "አሁን" ይላሉ፣ ሎሚ ጠብ ይደረጋል፣ አይቡ እጅብ ብሎ ይነሣል። አንድም ቀን ተሳስተው አላየሁም። እኔ ቴርሞሜትር ይዤ እሯሯጣለሁ፤ እሳቸው ቀድመውኝ "አሁን" ይላሉ። ተጨምቆ የተረፈው የቅጠሉ ገፈራ ለከብት ይሄዳል። ከብት ደግሞ በደስታ ነው የሚበላው። የቀረውን ቡናማ ውሃ የጓሮ ጎመን ይጠጣዋል። "ላሟን ብንዘላትም አላስቀየምናትም" ይሉ ነበር አያ፣ ገፈራውን ለጎረቤት ላም ሲያቀርቡ።

ጣዕሙ ግን አስቸገረን። የመጀመሪያውን አይብ ድልህ አስነክተው ለልብስ ሰፊው ጎረቤታቸው ሰጡት። ሰውየው በጨዋነት አላምጦ ዋጠና "አያ ይርዳው፣ ከነገ ጀምሮ ጠምደው ያርሱብኝ" አላቸው። አያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ከዚያ ገብተው አይቡን በውሃ ማጠብ ጀመሩ። ሁለቴ ሲታጠብ ምሬቱ ቀነሰ። በጥላ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ አንድ ማንኪያ ሽሮ ውስጥ ሲገባ ልብስ ሰፊው ራሱ ጨምሩልኝ አለ።

ለምን እንዲህ እንደሚጓጉ የነገሩኝ ቆይተው ነው። "እናቴ በሁዳዴ ነው የወለደችኝ" አሉኝ። "አራስ ነሽ፣ ብዪ ብለው ንስሐ አባቷ ቢያዟት እንቢ አለች። ሰው ሁሉ እየጾመ እኔ ወተት ልጠጣ? አለች። ጡቷ ደረቀ። ያሳደገችኝ የጎረቤት ላም ናት። ዛሬም በእኛ ቀበሌ ነፍሰ ጡሩም አራሱም ይጾማል፤ ብትለምኛት አትሰማሽም። ጾሟን የማያስገድፍ የሚገነባ ነገር ካለ ግን ትበላለች። ይህን ነገር እዚያች ቀበሌ ሳላስገባ ብሞት ዓይኔ አይከደንም።"

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። መንገድ በተከፈተ ቁጥር ደባርቅ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ባገኘነው ማኪና እየተጫንን መካነ ብርሃን፣ ከዚያ በእግር እንሄድ ጀመር። እኔ ዘር አድዬ ገበሬዎቹ ወንዝ ዳር አልፋልፋ ዘርተው ነበርና ቅጠሉ አለ። ሴቶቹም አያን ይወዷቸዋል። ለመማር ግን እንቢ አሉ። "ምነው እኛን ያደክሙናል፤ የእርስዎ እጅ ሸጋ ነው፣ እርስዎ ይሥሩልን" ይላሉ። አያ ይለምናሉ፣ ያሾፋሉ፣ ይቆጣሉ፤ ሴቶቹ እየሳቁ ቅጠሉን ብቻ አጭደው ያመጣሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። "እኔ ስሞት አብሮኝ ሊቀበር ነው" ይሉኝ ነበር ስንመለስ።

በሦስተኛው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ የደብሩ ቄሰ ገበዝ ፈቀዱ። አሥራ አንድ ነፍሰ ጡርና አራስ ሴቶች በየቀኑ ከአይቡ እንዲበሉ፤ ነገር ግን አያ ይርዳው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አይቡ ምን እንዳለበት በሰው ፊት ምለው እንዲናገሩ። ለዚያ ቀን አያ አዲስ ኩታ ለብሰው ሄዱ። እኔ ባረፍንበት በእህታቸው ቤት ድስት ላይ ቀረሁ።

አሁን የእኔን ልናገር። ጭማቂው ሊፈላ ሲል የሎሚውን ከረጢት ብዘረግፈው የቀረው የሻገተ ብቻ ነበር። ሎሚ ደጋው ላይ አይገኝም፤ ከጎንደር ተሸክመን ነው የምናመጣው። ድስቱ ድምፁ ተለወጠ። ሃያ ሰው የለፋበት ቅጠል ሊበላሽብኝ ነው። ማጀት ጥግ ለጥጃ የተቀመጠ አጓት በቅል ነበር፤ ያው ከወተት አይብ ላይ የሚጠለል ውሃ። ይኮመጥጣል፤ የሚያስፈልገኝ ኮምጣጣ ነገር ነው። አንድ ኩባያ ቀድቼ አፈሰስኩበት። እኔ ራሴ ጾመኛ ነኝ እኮ። በዚያች ሰዓት ግን እንደ ቤተ ሙከራ ሰው ነበር የማስበው፤ ውሃ ነው፣ ተጠልሎ ይወጣል ብዬ። አይቡ እንደ ጥጥ ሆኖ ተነሣ፤ እንደዚያ ያለ ከዚያ በፊት አላየንም። እኔ ይህን ስሠራ፣ አያ ግቢው ውስጥ ቆመው "ከቅጠል፣ ከውሃና ከሎሚ በቀር የገባበት የለም" ብለው እየማሉ ነበር። ሴቶቹ ያን ቀን የበሉት ያንን ነው።

አያ ተመልሰው የተረፈውን ቀመሱ። "ዝናሽ፣ ዛሬ ምን አደረግሽው?"

"ሎሚ" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው ያደረግሁት የገባኝ።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ዝምታዬ አያስኬድም ነበር፤ ምክንያቱም አያ ያን ልስላሴ ካልደገምኩ ብለው ተነሡ። ሎሚ ከጎንደር አስመጡ። ቀነሱ፣ ጨመሩ፣ እሳቱን አበረዱ፣ አጋሉ። በሦስተኛው ቀን ብቻ አምስት ድስት ጣዱ። ማታ ላይ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ጥቁር ጣቶቻቸውን እያገላበጡ "እጄ እርጅና ገባው መሰለኝ" አሉ። ይህን መቻል አቃተኝ።

"አያ፣ አጓት ነው" አልኳቸው።

መጀመሪያ ያደረጉትን መቼም አልረሳውም። ብድግ አሉ፣ ጉልበታቸውን መቱ። "አጓት! እንዴት አላሰብኩትም፤ ኮምጣጣው ለስለስ ያለ ነው እኮ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው፣ ለዚህ ነው ያልሻከረ…" እያሉ ወደ ድስቱ ሄዱ። መንገድ ላይ ቆሙ። ፊታቸው ቀስ እያለ ጠቆረ።

"መቼ ነው?" አሉኝ።

"የማሉ ዕለት።"

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ለማንም እንዳይናገሩ ለመንኳቸው። ተበልቶ አልቋል፣ ማንም አያውቅም፣ ከተናገሩ ሁለተኛ አያምኑንም፣ ሦስት ዓመት ልፋትዎ አፈር ይበላል አልኳቸው። እውነቴን ነበር። እሳቸውም እውነቴን እንደሆነ ያውቃሉ።

"አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ አውቃለሁ" አሉ። "ለምስክር ሁለት ሰው ይበቃል። ዐይተሽ አጓት ያፈሰስሽው አንቺ ነሽ፤ ሳላይ የማልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የአንቺን አልናገርልሽም፤ የእኔንም አትወስጂብኝም።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቆምን። አያ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ ተናገሩ፤ ድስቱን ሳላይ ማልኩ፣ መሐላዬ ሐሰት ነው አሉ። ከዚያ ዞረው አላዩኝም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር። "አጓቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ሲጠይቁኝም ዋሽቻለሁ" አልኩ።

ከፊት የቆመችው አንጓች የምትባል አራስ ናት። ከአሥራ አንዱ ሁሉ ፈጣኗ፣ ተጫዋቿ፣ አያን "የኛ ሹም" እያለች የምታሾፍባቸው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። "አስገደፋችሁኝ" አለች። ሌላ አልጨመረችም። ሌሎቹ ጮኹ፣ አንዷ አለቀሰች፤ እኔ የሰማሁት ግን የአንጓችን ነው።

ቄሰ ገበዙ ለሴቶቹ "ሳታውቁ ነው፤ አቡነ ዘበሰማያት ደግማችሁ ጾማችሁን ቀጥሉ" አሏቸው። ለእኛ እስከ ትንሣኤ ስግደት አዘዙን። ድስቱ እንዲሰበር፣ ከእንግዲህም ማንም ከእጃችን እንዳይቀበል ተናገሩ። ድስቱን አያ ራሳቸው ሰበሩት። ወደ ጎንደር ስንመለስ ደባርቅ ላይ "ቀለም ማዘጋጀት አለብኝ፤ ሠዓሊዎቹ ረስተውኛል" አሉኝ። ያን ጊዜ ስንት ጊዜ ራሴን ረገምኩ።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ማሳዬ አልመጡም። ሱቃቸው ስሄድ ብራና ይፍቃሉ፤ ስለ ቅጠል ካነሣሁ "ተይው" ይሉኛል። ክረምት ገባ፣ አልፋልፋው እስከ ወገብ ደረሰ፣ እኔ ለከብት ብቻ አጨድኩት።

ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። አንጓች ናት፤ በባሏ ስልክ። ሰላምታም ብዙ አልሰጠችኝ።

"ጭማቂው ስንት ጊዜ ይፍላ?" አለችኝ።

"ለምንሽ?"

"ልንሠራው ነዋ። ስንበላውና ስናቆም ያለው ልዩነት በሰውነታችን ታውቆናል፤ ልጄም ያኔ ጠግቦ ነበር የሚጠባ። ከእናንተ እጅ እንዳንቀበል ተብለናል፣ አንቀበልም። በገዛ ድስታችን፣ ዓይናችን እያየ ብንሠራው ምን አለበት ብለን ቄሰ ገበዙን ጠየቅን፤ ያ ከሆነ የከለከላችሁ የለም አሉን። ስድስት ቤት ነን። በይ ንገሪኝ፣ ቅጠሉ ታጭዷል።"

በስልክ አሠራኋት። ስንጨርስ አራዳ ድረስ ሮጥኩ፤ የመንገዱ ቁልቁለት አንድ ጊዜ አንከባልሎኛል። አያ ብራናው ላይ አጎንብሰዋል። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነገርኳቸው። መፋቂያውን አስቀመጡ።

"ከእጃችን አንበላም አሉ?"

"አዎ።"

"እኛው እንሠራለን አሉ? ስድስት ቤት?"

"አዎ፣ አያ።"

ተነሡና የሱቋ በር ላይ ወጡ። ልብስ ሰፊውን ጠሩት፤ አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየ። "አላመኑኝም" አሉት፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው። "ሁለት ዓመት ተማሩ ብዬ ብለምን እንቢ ያሉኝ ስላመኑኝ ነበር። አሁን አላመኑኝም፣ ተመስገን።" ልብስ ሰፊው አንድም ነገር አልገባውም፤ ግን ሲስቁ አይቶ አብሯቸው ሳቀ።

በፍልሰታ ወጣን። ዝናቡ፣ ጭቃው፣ ጉሙ ምኑ ይወራል። አንጓች ቤት ስንደርስ ሴቶቹ ተሰብስበዋል፤ አንዷ ትወቅጣለች፣ አንዷ ትጨምቃለች፣ ድስቱ ተጥዷል። አያ በደመ ነፍስ ጆሯቸውን አዘንብለው ወደ ምድጃው ሄዱ። አንጓች መንገዱን ዘጋችባቸው።

"አያ ይርዳው፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። እዚህ ግን አይጠጉ። መደቡ ላይ ይቀመጡ።"

ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ። ድስቱ ድምፁ ሲለወጥ ከንፈራቸው "አሁን" ሊል ተንቀሳቀሰ፤ አንጓች ግን ቀድማቸው "አሁን" አለች። ሎሚው ጠብ አለ፣ አይቡ ተነሣ። አያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው ሞልቷል።

የጾም መፍቻው ሰዓት ሲደርስ አንጓች ለሴቶቹ አደለች፤ ከዚያ ለእኔ፣ ከዚያ በእንጀራ ላይ አድርጋ ለአያ ሁለት እጇን ዘርግታ ሰጠቻቸው። እንደ እንግዳ ተነሥተው ተቀበሏት፣ እንደ እንግዳ መረቋት፣ ከራሳቸው ድስት እንዲያ በልተው በማያውቁት ዝግታ በሉ።

"ተሻከረ መሰለኝ" አለቻቸው አንጓች።

"ትንሽ ተሻክሯል" አሉ አያ። "ጨምሪልኝ።"